ለሞጣው ሞተር የማይሆን መፍቻ

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ወልደ ኪዳን፣

ለጤናዎ እንዴት ከርመዋል? እትዬ ንግስትስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ያ የወገብዎ ሕመም ተሻለዎት ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ከቀኝ አውራ ጣቴ በስተቀር። ጽሕፈቴ ቢወላገድብዎት በእሱ ምክንያት ነውና አይፍረዱብኝ።

የላኩልኝ መፍቻዎች ደርሰውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያብረቀርቃሉ። ነገር ግን ጋሼ፣ የማኅበራችን ወፍጮ ሞተር የእንግሊዝ መሆኑን፣ ብሎኑም በኢንች የተሠራ መሆኑን ደጋግሜ ጽፌልዎት ነበር። እርስዎ የላኩት የሚሊሜትር ነው። አንዱ አልገባ ይላል፣ ቀጣዩ ገብቶ ይሾልካል። ሻጩ ለሁሉም ይሆናል ብሎ ማለልኝ ብለዋል። ሻጩ ምን ቸገረው፤ ሞጣ መጥቶ አይፈታበት።

«ቆርቆሮ ሸጉጥበት» ያሉኝንም ምክር አልናቅሁም። ሸጎጥሁ። ቆርቆሮው ተንሸራተተ፣ የብሎኑ ጠርዝ ተላጠ፣ ጥፍሬም አብሮ ሄደ። ሞተሩ ዘይት እያፈሰሰ ነው፤ ሳይፈታ ደግሞ አይጠገንም። ስለዚህ ወፍጮው ቆሟል።

ለሊቀ መንበራችን ለጓድ ሣህለ ማርያም ብነግረው፣ ዘመኑ የሚሊሜትር ነው፣ አሮጌው ሞተር ከዘመኑ ጋር ይራመድ አለኝ። ሞተሩ መቼ ስብሰባ ተቀምጦ ያውቃል? በጭነት መኪና ተንጠልጥዬ ቢቸና ወረድሁና የዚያን ወፍጮ ሠራተኛ ኃይለ ሚካኤልን የኢንች መፍቻ አውሰኝ ብዬ ብጠይቀው፣ የኔም ሞተር እያቃሰተ ነው፣ መፍቻዬ ከቤት አይወጣም፣ ያንተን አምጣና እዚሁ እንፈታዋለን አለ። እንግዲህ ሞተሩን አዝዬ ልሂድለት።

ከእንግዲህ በቃል አንግባባም። አንዱን የብሎን ዳዶ በመሮና በመዶሻ ታግዬ አውጥቼ፣ በጨርቅ ቋጥሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። መፍቻውን ከመግዛትዎ በፊት ዳዶው ላይ ያስገቡት። ትንሽ ከተወዛወዘ፣ ሻጩ በታቦት ቢምልም ጥለውት ይሂዱ። ዳዶው ምትክ የለውምና አደራ፤ የሞጣ ዱቄት ሁሉ አሁን ኪስዎ ውስጥ ነው።

እትዬ ንግስትን ሰላም ይበሉልኝ። ልጆቹን፣ ሙሉዬንና ውበቴን፣ ይሳሙልኝ። ባለቤቴ ይርጋነሽ እጅ ነሥታለች። እናታችንም ሰላም ብላዎታለች። መፍቻው እንደማይሆን አልነገርኋትም። ልጄ ወልደ ኪዳን የላከው ነው እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይታ ስታበቃ፣ ወደ ጓዳ ትገባና ጤፏን በድንጋይ ትፈጫለች።

ታናሽ ወንድምዎ በላቸው
ሞጣ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.