በሕይወት ላሉት አባቴ የታተመ መታሰቢያ

ከሩቅ እጅ የምነሣዎ አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎስ፣ ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዓይንዎ ጠዋት ጠዋት ማልቀሱን ተወልዎ? እማዬስ ደረጃውን ስትወጣ ትንፋሿ አሁንም ይቆራረጥባታል? እኔ ደህና ነኝ፤ የቦርሳ ስፌቱም ደህና ነው። ደህና ያልሆነውን አሁን ልነግርዎ ነው፤ ሳይጨርሱ እንዳያስቀምጡት አደራ። ሁለት ጊዜ ደውዬ ድምፅዎን ስሰማ ስለ ዝናብ ጠይቄዎት ዘጋሁት።

ለሥራዬ ሎጎ እንዲሠራልኝ አንዲት ዲዛይነር ዘንድ ሄጄ ነበር። ወፍ አሳየችኝ፣ አበባ አሳየችኝ፣ መርፌና ክር አሳየችኝ፤ ሁሉም ያምራሉ፣ አንዱም የኔ አይመስልም። ከማንም ያልተዋስሽው ምን አለሽ አለችኝ። በማግስቱ የድሮ ካፖርቴን ይዤ ሄድኩና ገበሩን ገልብጬ አሳየኋት። ለእኛ ለልጆችዎ ይሰፉልን በነበረው ልብስ ላይ ብቻ በጠመኔ ጭረው በነጭ ክር ይጠልፉት የነበረውን ምልክት፣ ሁለት ሰረዝና ከሥራቸው አንድ ነጥብ። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሣች። አባትሽ አሁንም ይሰፋሉ ወይ ስትለኝ፣ የስፌት መኪናዎን በአንሶላ የሸፈኑበት ቀን ትዝ አለኝና “ድሮ ነበር” ብዬ አለቀስኩ። እሷም “ነፍስ ይማር” አለች። እኔ ሞኟ በለመደ አፌ “አሜን” አልኩ።

እዚያው ማረም ነበረብኝ፤ አፈርኩ። በሳምንቱ ቦርሳዎቹ ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ ታትሞ መጣ። ምልክትዎ ከላይ፣ ከሥሩ “ለሟች አባቷ መታሰቢያ” ይላል። ቦርሳዎቼን የምትሸጥልኝ የሱቅ ባለቤት አንብባ ዓይኗን ጠረገችና ስልሳ ቦርሳ አዘዘች። አልዋሽዎትም አባዬ፣ ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው እግዜር ያጽናሽ ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሱቁ ገብቶ ካርዱን አነበበ። እዚያው ቆሞ ደወለልኝ፤ መቼ ሞቱ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ ሳይነገረኝ አለ። እውነቱን ስነግረው ዘጋብኝ፤ እስካሁን ስልክ አያነሣም። ለአክስቴ ነግሯት ይሁን አይሁን አላውቅም። ወሬ ከደብዳቤ ይፈጥናል፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሄጄ ካርዶቹን አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጥኳቸው። ባለቤቷ ተቆጣች፤ የሚሸጠው እኮ ታሪኩ ነው፣ ማንን ጎዳ አለችኝ። “አባቴን ነዋ፤ በሕይወት አሉ” አልኳት። ያልተሸጡትን ሠላሳ አራቱን አሸክማ መለሰችኝ። ክፍሌ ሞልቶ ቦርሳ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልዎ። የተሸጡት ሃያ ስድስቱ ግን አይመለሱም፤ በሃያ ስድስት ቤት እርስዎ ሟች ነዎት፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ምልክቱ ቦርሳዎቹ ላይ ተጠልፏል። ሳልጠይቅዎ ወሰድኩት፤ ይነሣ ካሉኝ ሁሉንም እተረትረዋለሁ። ይቅር ብለው ከተዉልኝ ደግሞ ከሥሩ የሚጻፈውን እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ ለጊዜው በራሴ አፍ አልታመንም።

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለዚያ ፈላስፋ፣ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ቢስቅብኝም መብቱ ነው። ለጎረቤታችን ለጫማ ሰፊው ጋሼም እጅ ነሥቻለሁ፤ እያለቀሱ ከመጡ በሩን እርስዎ አይክፈቱላቸው፣ ይደነግጣሉ። ለእማዬ ግን ደብዳቤውን ሌላ ሰው እንዳያነብላት። መነጽርዎን አድርገው፣ አጠገቧ ቁጭ ብለው ያንብቡላት፤ የሞትዎን መርዶ ከራስዎ አፍ ትስማው።

ጥፋተኛዋ ልጅዎ
ከሥራ ክፍሌ፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 9 ቀን