ከጅዳ የመጣው የተሳቢ ፍሬን

መቐለ፣ ሓድነት
ሐምሌ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምታናድደኝ ወንድሜ ለአብዱልወዱድ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ አንተ ግን ስልክ ላይ ሰው አታስጨርስም። «አልሰካችሁትም እንዴ?» ትላለህ፣ መልሱን ሳልጀምር አለቃህ ይጠራሃል፣ ትዘጋለህ። ስለዚህ ለዒድ ከጅዳ የመጣችው ሀፊሳ ከቤተሰቦቿ ተሰናብታ ወደዚያ ስትመለስ እንድታደርስልህ በወረቀት ጻፍኩት። ወረቀት ማቋረጥ አትችልም። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ዘለህ ብታልፍ ዋናው ነገር ያመልጥሃል።

መጀመሪያ አደጋውን በደንብ ልንገርህ፤ በስልክ ግማሹን ነው የሰማኸው። ረመዷን እንደገባ ቁሓ ውስጥ የለተገብርኤል ልጅ ተዳረች። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ትልልቁን ድስት ያከራየነው እኛ ነን። ሰርጉ ሲያበቃ አባዬ ዕቃውን ተሳቢው ላይ አስጭኖ፣ ጾሙን እንደያዘ፣ ብቻውን ቁልቁለቱን ወደ መቐለ መውረድ ጀመረ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ጎማዎቹ ውስጥ እንዳለው፣ ግን ከመኪናው ጋር በሽቦ ካልተገናኘ እንደማይሠራ ድሮ የነገርከን አንተ ነህ። አላገናኘነውም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ፒክአፑ ለራሱም ለተሳቢውም ብቻውን ነበር የሚይዘው። ያን ቀን ግን አልያዘም። ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ሲያወርደው አባዬ መሪውን ወደ ተቆረጠው ዳገት ጠመዘዘና አፈሩ ላይ ተሰክቶ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። ወንበሮቹ ግን አስፋልቱን ሞሉት። ቤት ሲገባ ለእኔ የነገረኝ ወንበር መሰበሩን ብቻ ነው። የቀረውን የሰማሁት ከጎይቶም ነው። አንተ አታውቀውም፤ ከሄድክ በኋላ ከመጋዘናችን አጠገብ ጋራዥ ከፍቶ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። መኪናውን ጎትቶ ያመጣው እሱ ነው።

ደወልኩልህ። አንተም እንደ ልማድህ ደነገጥክ፣ አልመጣህም፣ ዕቃ ላክህ።

ዕቃው ጥሩ ነው፤ አልዋሽህም። ከእኛ መኪና ዓይነት ላይ የተፈታ፣ ፋብሪካው ራሱ የሠራው የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ መሆኑን ጎይቶምም አይቶ መስክሯል። ሀፊሳ ለዒድ ስትመጣ ከልጆቿ ልብስ መሀል ጠቅልላ አመጣችው። አንተም «ቦታው የተዘጋጀ ነው፣ ሶኬቱም ከኋላው ይጠብቃል፣ መሰካት ብቻ ነው» አልከኝ። መሰካት ብቻ ነው ያልከውን ነገር አሁን ልተርክልህ።

መጀመሪያ የተጣላሁት ከአባዬ ጋር ነው። ዕቃው የሚገባው ከመሪው በስተቀኝ ያለችው ትንሽ ኪስ ላይ ነው፤ አባዬ መቁጠሪያውንና የጥርስ መፋቂያውን የሚያስቀምጥባት። ፋብሪካው ለመቁጠሪያ ነው የሠራት አለኝ። ፋብሪካው አሜሪካ ነው ብለው፣ አሜሪካ ሙስሊም የለም ያለሽ ማነው አለኝ። እንግዲህ የምኖረው ከዚህ ሰው ጋር ነው። ከዚያ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በማርሽ እየያዘ እንደወረደ፣ ከወሎ ወደዚህ ሲመጣም የነዳው ጭነት ከዚህ የከበደ እንደነበር ይነግረኝ ጀመር። የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ስለሆነ ዕቃው ካልተገጠመ አንድ ወንበር አይጫንም አልኩት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ፤ ከዚያ መኪናውን ራሱ ነድቶ ጎይቶም በር ላይ አቆመው።

ከዚያ ሶኬቱ ጠፋ። ከኋላው ነው ብለህ አልነበር? ከኋላው የለም። ጎይቶም ፕላስቲኩን በሙሉ ፈታ፣ ወለሉ ላይ በጀርባው ተኛ፣ እግሩ በበሩ ወጥቶ ግማሽ ቀን ፈለገ። አባዬ ደግሞ ከላዩ ቆሞ ያያል። ጎይቶም ትዕግሥቱ ሲያልቅ «አቦይ ኸድር፣ በእርስዎ ጥላ ምክንያት ምንም አይታየኝም» አለው። ለአንተ ደወልኩ፣ አላነሳህም። በኋላ የላክኸው የድምፅ መልእክት «አለ፣ ፈልጉት» የሚል ነበር። ለምክርህ እናመሰግናለን። በመጨረሻ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር በፕላስተር ተጠቅልሎ ተገኘ።

ተሰካ። መኪናው ሲነሳ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ በራና አልጠፋም አለ። ለካ ዕቃው መጨመሩ ለመኪናው በኮምፒውተር ሊነገረው ይገባል። ይህን አንተ አልነገርከኝም፤ ወይም ነግረኸኝ ሳልሰማ ስልኩ ተዘግቷል። ጎይቶም የሚያውቀው ሰው ላፕቶፕ እስኪያውሰው ጠበቅን። ላፕቶፑ መጣ፣ ባትሪው የሞተ ነው፣ በኮረንቲ ብቻ ይሠራል። ሥራው ሲጀመር መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ጎይቶም ለለቅሶ ቁሓ ወጣ። እሱ ሲመለስ ላፕቶፑን ባለቤቱ ወስዶታል። አባዬ በየቀኑ መጥቶ ባዶዋን ኪስ፣ ማለት ኪስ የነበረችውን ቀዳዳ፣ እያየ «መቁጠሪያዬ እዚህ ነበር» ይላል። እኔ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው፣ ሌላ አይምሰልህ።

ከኋላ በኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። የተሳቢውን የፍሬን ሽቦ ከእኛ በፊት ባለቤቶቹ የነበሩት ሰዎች ቆርጠውት ኖሯል፤ የአንዱ ጎማ ፍሬንም ዝጎ ተጣብቋል። ጎይቶም ያንንም ከፍቶ ጠረገ፣ ሽቦውንም አዲስ ዘረጋ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ላፕቶፑም እንደገና ተውሶ፣ አንድ ጠዋት ቀዩ መብራት ጠፋና በቦታው ቁጥር በራ። ወንበር ጭነን ወደ ቃላሚኖ በሚወስደው ጭር ያለ መንገድ ላይ ሞከርነው። ቁጥሩ ሲበዛ ተሳቢው ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ሲያንስ ይገፋል። ጎይቶም እያስተካከለ፣ እየነዳ፣ እየያዘ ልኩን አገኘ። ዕቃው ላይ ደግሞ በጣት የሚጫኑት አንድ ነገር አለ፤ ፔዳሉን ሳትረግጥ እሱን ብቻ ብትጫን ተሳቢው ብቻውን ይይዛል። ጎይቶም ይህን ለአባዬ ሲያሳየው አባዬ ደግመህ አሳየኝ አለው። ከዚያም እንደገና።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። ያ ሁሉ ኩርፊያ ቀረ። ተሳቢው ካልታሰረ አልነዳም ማለት ጀመረ። ዳቦ ሊገዛ ተሳቢ አስሮ ሄደ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት። እኔም ልቤ ሞላ፤ ለሀፊሳም ወንድሜ ከሩቅ ሆኖ አባቴን አዳነው አልኳት። ይህን ያልኩት ስለ አንተ ነው፤ ያዘው፣ ሁለተኛ አልለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ቁሓ አንድ የኒካሕ ድግስ ነበርና ድንኳኑን ልናነሳ አብረን ሄድን። ካፍያ ነበር፣ አስፋልቱ ረጥቧል። ስንወርድ ልብ ብዬ ሳይ የአባዬ ቀኝ እጅ ከዕቃው አይነሳም። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ በጣቱ ይጫናል፣ ተሳቢው ከኋላ ይጎትተናል፣ መኪናው ይንገጫገጭና ይቀንሳል። ለምን ፔዳሉን አትረግጥም ልለው ስል ከፊታችን አንዲት ባጃጅ ሰው ልታወርድ ቆመች። አባዬ በጣቱ ተጫነ። ተሳቢው ያዘ፣ ግን አልበቃም፤ መኪናው ራሱም መያዝ ነበረበት። አባዬ ዓይኑን ከመንገዱ አንስቶ ወደ ታች አየ። እግሩን ነበር የሚፈልገው። እግሩ ከፔዳሉ አጠገብ ወለሉን በሙሉ ኃይሉ ረግጧል።

የእጅ ፍሬኑን የሳብኩት እኔ ነኝ። ባጃጇን ሳንነካ ቆምን። ባለባጃጁ ዞሮም አላየን፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

«አባዬ፣ እግርህ ምን ሆነ?» አልኩት።

«አይሰማኝም። ፔዳሉ ላይ ይሁን ወለሉ ላይ፣ ካላየሁት አላውቅም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና ክረምት።»

በለተገብርኤል ልጅ ሰርግ ቀንስ ምን ሆነህ ነበር አልኩት። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ተሳቢው ገፍቶኛል፤ እሱ ውሸት አይደለም» አለ። ከዚያ ቆይቶ፣ «እኔም አልረገጥኩትም ነበር» አለኝ።

ቦታ ተለዋወጥን። በዝናብ ወርዶ በመኪናው ፊት ዞሮ እኔ ወንበር ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳየው፣ አረማመዱን እስከዛሬ እንዴት እንዳላየሁ ገረመኝ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ስኳር ነው። የቀኝ ጫማውን ሲያወልቅ ከእግሩ ሥር ቁስል ተገኘ፤ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ በእሱ ላይ ሲሄድበት ሰንብቷል፣ አላወቀም። ሐኪሟ በጊዜ መጥታችኋል አለችን። በጊዜ ያለችው እንዴት እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ቁስሉ እየደረቀ ነው፣ መድኃኒቱንም እኔ ቆሜ ካላየሁ አይውጥም እንጂ ይውጣል። መንዳት ግን ቀርቷል። ይህን የነገረችው ሐኪሟ ናት፤ ያኮረፈው ግን እኔን ነው።

አሁን የምነዳው እኔ ነኝ። ዕቃህ ይሠራል። ትናንት ሙሉ ጭነት ይዤ ያንን ቁልቁለት ወረድኩ፤ ተሳቢው እንደ ደህና ሰው ከኋላዬ እኩል እየያዘ ወረደ። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ማርሽ ቀንሺ፣ ቀኝሽን ያዢ፣ ሰው አለ ይላል። ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ ወደ ታች ይጫናል። በእሱ በኩል ፔዳል የለም። እንዳየሁት እንዳያውቅብኝ ወደ ፊት ብቻ አየሁ።

ይህን ሁሉ ለአንተ እንዳልነግርህ ለምኖኝ ነበር። ለምን ብለው፣ «እዚያ ሆኖ ምን ያደርጋል? ሌላ ዕቃ ይልካል» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም። እንዲያው እንደሚያውቀው ነገር ነው የተናገረው።

ሌላ ወሬ የለም። ከመስከረም ጀምሮ ኮምቦልቻ የማስተምርበት ቦታ ነበር አይደል? ለሌላ ሰው ሰጥተውት ይሆናል፤ ደውዬ አልጠየቅኩም። አንተም በዚህ ጉዳይ አትደውልልኝ።

ለእግሩ የሚሆን ጫማ፣ የስኳር መለኪያ፣ ቅባት፣ ምንም አትላክ። እዚህ ሁሉም አለ። ሀፊሳ ዳግም ወደዚህ ስትመጣ ሻንጣዋ ባዶ ይሁን፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ግን አይሁን። የምልህ ገብቶሃል፤ በስልክ ቢሆን እዚህች ጋ አለቃህ ይጠራህ ነበር።

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፣ ሪዝቅህን፣ እንጀራህን ያስፋልህ፣ መንገድህን ሁሉ ያግራልህ፤ ወደየትም የሚወስደውን። አባዬ ሰላም ብሎሃል። ምን ልጨምርልህ ብለው፣ ደህና ነው በይው አለኝ። እኔ ግን አልልህም።

የምትወድህ እህትህ
ዓፊፋ ኸድር