ለአጎቴ፣ ስለ አራተኛው ዘፈን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ደም ግፊቱስ? እንቅልፍ እንደራቀዎት ሰምቼ ነው የምጠይቀው። እኔ ደህና ነኝ፤ ከእናቴ በቀር የጎደለብኝ የለም።

እሑድ ዕለት ባለቤትዎ፣ እትዬ፣ ቤቴ መጥታ ነበር። ከባንዳችን አልበም አራተኛውን ዘፈን አውጥቼ እንድጥለው ለመነችኝ። የፋብሪካው ሰርቪስ ሾፌር ጠዋት ጠዋት እንደሚከፍተው፣ እርስዎ በኮሪደሩ ሲያልፉም ሠራተኞቹ በአፍንጫቸው እንደሚያዜሙት ነገረችኝ። አጎትሽ እኮ ነው፣ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም አለችኝ። እናቴ በመሐረብ ደብቃ ትተፋው የነበረው ደምም ገመና ነው ወይ ስላት አቀርቅራ ወጣች። በእሷ ላይ ቂም የለኝም፤ የተላከች ናት።

እርስዎ ዘፈኑን እንዳልሰሙት ነግራኛለች። ጓደኞቼ ፎክ ሜታል ይሉታል፤ የድሮ ዜማ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከሚያደነቁር ከበሮ ጋር ማለት ነው። ዜማው እናቴ ከሠራችበት ከማቅለሚያ ክፍል ሴቶች የመጣ ነው፤ ቀለሙን በበርሜል ሲያማስሉ እጃቸው አንድ ላይ እንዲሄድ የሚያንጎራጉሩት። ግጥሙ የኔ ነው። አዝማቹ ግን የእርስዎ ነው። ሴቶቹ የአፍ መሸፈኛ ይሰጠን ብለው ሲለምኑዎት፣ እርስዎ የሠራተኛ ኃላፊው፣ ክፍሉ ነፋሻ ነው ብለው መለሷቸው። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። ሃያ ጊዜ እንጮኸዋለን። ስምዎን አላነሳሁም። ምን አደከመኝ፤ ባለቤቱ ራሱ አቤት ይላል።

ባለፈው ሳምንት አዳራሽ ውስጥ ስንጫወት የማቅለሚያ ሴቶች ከፊት ቆመው ነበር። እስከ ክርናቸው ሰማያዊ የሆነ እጃቸውን አንስተው አዝማቹን ተቀበሉኝ። ግማሾቹ እየሳሉ ነው የሚዘፍኑት። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ኃጢአት ከሆነ ይጻፍብኝ።

እናቴን ያስፈረሟትን ወረቀት አይረሱትም፤ በሽታው ፋብሪካ ከመግባቷ በፊት የነበረባት ነው የሚለውን። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እርስዎ መነጽሬን ረሳሁት ብለው አንቺ አንብቢላት አሉኝ። ምን ብዬ እንደማነብላት ግን ቀድመው ደጅ ላይ ነግረውኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ እንዳልል አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሕመም ፈቃድ ነው አልኳት። ወንድሜን እግዜር ይስጥልኝ ብላ አውራ ጣቷን አተመች።

በሳምንቱ ጊታር ገዝተው ላኩልኝ።

ለእትዬ ይንገሩልኝ፤ አራተኛው ከአልበሙ አይወጣም። አምስተኛውን አልሰማችውም መሰለኝ። እሱ እርስዎን አይነካም፤ ስለ ወረቀቷ አንባቢ ነው። ከበሮ የለውም፤ ያቺ ጊታር ብቻ ናት። እሱን ስዘፍን ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ እኔም ቀና ብዬ አላያቸውም።

ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። ጆሮዎንም ይጠብቅልኝ።

የእህትዎ ልጅ