አስራ አንዱ የእግዜር ፈረሶች

ጥር 6
ዛሬም ሰባት ጎብኚ፣ ሰባት ቅሬታ። "የነፍሳት ክፍሉ የመስታወት ሣጥን ባዶ ነው።" ባዶ! አስራ አንድ የእግዜር ፈረሶች አፍንጫቸው ስር ቁጭ ብለው፣ የሚጸልዩ መስለው እጃቸውን አጥፈው... ዝንብ እየጠበቁ። ሣጥኑን የሞላውን ደረቅ ቅጠል ይመስላሉ፤ ንፋስ እንደነካው ቅጠልም ወዝወዝ ይላሉ። ሰው ግን ትኬት ቆርጦ ገብቶ ሁለት ደቂቃ መቆም አይችልም። ሥራ ይበዛበታል።

ጥር 8
አዲሱ ኃላፊ መጣ። ሁሉን ነገር "ይታይ!" ስለሚል አቶ ይታይ ብለነዋል። ሣጥኑን አየ። አላየም ማለት ይሻላል። "በአንድ ወር ውስጥ ካልታዩ ክፍሉ ይዘጋል፤ አንቺም..." አልጨረሰውም። ገባኝ። ከነፍሳት በቀር የማውቀው ሥራ የለኝም። ፈራሁ፣ በጣም።

ጥር 9
አቶ ይታይ መፍትሔ አገኘ! ቅጠሉ ይውጣ፣ ጥቁር ጨርቅ ይነጠፍ፣ ደማቅ አምፖል ይብራ። ሊቅ ነው። እነዚህ ፍጥረቶች እሳት በበላው ጥቁር ሜዳ ላይ ቆዳቸውን ሲቀይሩ እንደ መሬቱ እንደሚጠቁሩ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። "ጥያቄ አለ?" አለ። የለም አልኩ። ለምን? ከስብሰባ በሰላም ለመውጣት ነዋ።

ጥር 17
ሰው ተሰለፈ። ቡናማዎቹ ጥቁሩ ላይ ፍንትው ብለው ታዩ። አቶ ይታይ ደረቱን ነፍቶ ፎቶ ተነሳ። ማታ እህቴ፣ "እና ሲጠቁሩ ምን ልትይው ነው?" አለችኝ። እንጃ...

ጥር 24
ቆዳ መጣል ጀመሩ። ሦስቱ እንደ ከሰል ጠቁረዋል።

የካቲት 2
"የታሉ?" አለ አቶ ይታይ። "ሸጥሻቸው አይደል?" ሸጥሻቸው! ጥበቃ ተጠራ። ቦርሳዬ ተፈተሸ። ምሳ ዕቃና ጃንጥላ ተገኘ፣ ትልቅ ወንጀል። እንባዬ መጣ፣ ከንዴት ነው። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ዝንብ ለቀቅኩ። ጨርቁ ዘሎ ቀለበው። አቶ ይታይ ጮኸ። ጥበቃውም ከአለቃው ላለማነስ ጮኸ።

የካቲት 3
ጠዋት ስገባ አቶ ይታይ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።
"ዘጠኝ ናቸው" አለኝ።
"አስራ አንድ ናቸው! ቅጠላቸውም ዛሬውኑ ይመለሳል። በሩ ላይም 'ቆመው ይፈልጉ' ተብሎ ይጻፋል። ክፍሉ አይዘጋም!" አልኩት።
"እሺ" አለ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሳ። "አስረኛው የት አለ?"
ትኬት ቆራጯ ደንግጣ እየሮጠች መጣች። "ማነው እንዲህ የሚጮኸው?" አለች።
አስራ ሁለት ዓመት አብራኝ ሠርታ ድምፄን አላወቀችውም።