በገዛ ፈቃዴ አይደለም

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬም ትምህርት ጽ/ቤት። ዛሬም በሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር። ፀሐዩ ወጥቷል፣ ነፋሱ ግን አያስቀምጥም። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ደራርቤ ጠበቅኩ። ሐኪሙ ጉሮሮሽን ብርድ እንዳይነካው ብሎኛል። መሐል ሜዳ ተቀምጦ ብርድ እንዳይነካ! ይምጣና ያሳየኝ።

ተራዬ ደረሰ። የሰው ሀብት ክፍሉ ልጅ አዲስ ነው፣ አያውቀኝም። ጉዳዬን ነገርኩት። ከስልኩ ቀና ሳይል፣ ጮክ በይ አለኝ። ጮክ ማለት ስላቃተኝ እኮ ነው የመጣሁት። ሳቄም እልሄም አንድ ላይ መጣብኝ።

አንቺ ደብተሬ ጮክ በይ ስለማትይኝ ላንቺ ልንገርሽ። ዐሥራ ሰባት ዓመት አስተማርኩ፣ ሒሳብ። ድምፄ መሻከር ሲጀምር ጉንፋን መስሎኝ ተውኩት። ቀጥሎ ደ/ብርሃን፣ ቀጥሎ አ/አ፣ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና። የተረፈኝ ሹክሹክታ ነው። ክፍሉ አፍ እስከ ገደፉ ልጅ ሞልቶ በሹክሹክታ ማስተማር አይቻልም። በጭብጨባ ሞከርኩ፣ በፊሽካ ሞከርኩ። ሚያዝያ ላይ ለቀቅኩ።

በጤና ለተሰናበተ ሠራተኛ ጡረታ አለ። የምጠይቀው እሱን ነው፣ ሌላ አይደለም።

ልጁ ማኅደሬን አውጥቶ የመልቀቂያ ማመልከቻዬን አነበበልኝ። «በገዛ ፈቃዴ» ይላል። በጤና ቢሆን አሁኑኑ ይታሰብልሽ ነበር፣ በፈቃዱ የለቀቀ ግን ዕድሜው እስኪደርስ ይጠብቃል አለኝ። ክፋት የለበትም፣ የተጻፈውን ነው ያነበበው። የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

እጄ ነው የጻፈው፣ አልክድም። ያጻፈኝ ግን ሌላ ነው። ርዕሰ መምህሩ፣ መ/ር ጌታሁን። ያኔ ቢሯቸው አስቀምጠውኝ፣ በጤና ካልሽ የሐኪሞች ቦርድ ቅረቢ ይሉሻል፣ ዓመት ያንከራትቱሻል፤ በፈቃዴ ብለሽ ጻፊ፣ ቶሎ ትገላገያለሽ፣ ጡረታውን ኋላ እናስተካክላለን አሉኝ። አመንኳቸው። እንዴት አላምን? አበልጄ ናቸው። ልጄን ናቲን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው።

ደምሴ ማታ ነገሩን ሲሰማ ዱላውን ፈለገ። ባሌ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ዱላ፣ ኋላ ምክር። ተው አልኩት። አልሰማኝም። ድሮ አንዴ ከተናገርኩ ይበቃ ነበር፤ አሁን ክርክር በያዝን ቁጥር ድምፅ ያለው ያሸንፋል። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሰዓዳን ይዤ ሄድኩ። ጎረቤቴ ናት፣ ከቆላ ወጥታ እዚህ ጨርቅ ትነግዳለች። ድምጿ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ይሰማል። አንቺ ሹክ በይኝ፣ እኔ እናገራለሁ አለች።

ተናገረች። እኔ ማመልከቻው በምክር የተጻፈ ነው አልኳት፤ እሷ፣ «አታለው አጻፏት! ወላሂ እንደ ሕፃን አታለው!» አለች። እኔ ቦርድ እንድቀርብ ይጻፍልኝ አልኳት፤ እሷ፣ «ጉሮሮዋን ለእናንተ ልጆች አይደል የጨረሰችው?» ብላ ጠረጴዛውን መታች። ከየክፍሉ ሰው ወጣ። ልጁ ደነገጠ፣ ባለጉዳይዋ ራሷ ትናገር አለ። ሰዓዳ ዞር ብላ፣ «በይ ተናገሪ፣ ይስማሽ» አለችኝ። ተናገርኩ። ሁሉም ጆሯቸውን አቆሙ። ሰው እንደዚያ ሲሰማኝ ከለቀቅኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

ኃላፊው አስገቡን። ሁለት ነገር አምጪ አሉ፦ ስትለቅ ታማሚ እንደነበርሽ ት/ቤቱ ያረጋግጥ፣ ቦርዱም መሥራት አትችልም ይበል። ለቦርዱ እኛ እንጽፋለን አሉ። ሰዓዳ መረቀቻቸው። የመጀመሪያውን የሚጽፉት ግን መ/ር ጌታሁን ናቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ት/ቤት ሄድኩ። እረፍት ሰዓት ነበር፣ ልጆቹ ቲቸር ቲቸር እያሉ ከበቡኝ። አንዷ እንደኔው በሹክሹክታ ሰላም አለችኝ፤ መቀለዷ አይደለም፣ ከኔ ጋር እንዲህ ነው የሚወራው ብላ ነው። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። ግን ቶሎ ቢሮ ገባሁ።

መ/ር ጌታሁን ወንበር ሳቡልኝ፣ ናቲ እንዴት ነው አሉ። ጉዳዬን ነገርኳቸው። መስኮቱን ዘጉት። ብጽፍልሽ፣ ታማሚ መሆኗን እያወቅህ ለምን ቦርድ ሳትልክ አሰናበትክ ይሉኛል፣ እኔም ልጆች አሉኝ አሉ። ኋላ እናስተካክላለን ብለውኝ አልነበር ወይ አልኳቸው። አላስታውስም አሉ። አላስታውስም!

ቀጥሎ የባሰው መጣ። ጤፍ በግሌ እልክልሻለሁ፣ ለናቲም ደብተርና ጫማ እኔ አለሁ አሉ። እኔ ምጽዋት ነው የጠየቅኩት? እሳቸው፣ እሳቸው እያልኩ መጻፍም ደከመኝ። ከእንግዲህ እዚህ ላይ እሱ ነው። አንቺ አትነግሪብኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

መንገዱ ዝግ ነው። መኪና የለም፣ ኔትወርክ የለም። ደ/ብርሃን ለዛሬ የተያዘልኝ የቦርዱ ቀጠሮ አለፈ። መናኸሪያው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24። ደ/ብርሃን

ትናንት መንገዱ ተከፈተ፣ ተሳፈርኩ። የእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ።

የሆነውን ስሚ። ጠዋት ተነስቼ ልጅቷን ውሃ ስጪኝ ስላት ድምፅ ወጣ። ሹክሹክታ አይደለም፣ ድምፅ! ሻካራ ነው፣ ግን የኔው ነው። ልጅቷ እልል አለች። እኔ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ምነው ዛሬ አልኩ። የገዛ ድምፄን ምነው ባልመጣህ አልኩት። ከዚህ በላይ ሰው ምን ይዋረዳል?

ወደ ቦርዱ ስሄድ መንገድ ላይ እንደ ትናንቱ ላንሾካሽክላቸው ብዬ አሰብኩ። ማን ያውቃል? ግን በሽተኛ የሆንኩት በእውነት ነው፣ በውሸት አልጨርሰውም ብዬ ገባሁ።

ሦስት ሐኪሞች። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ድምፄ መጣ። አንደኛው ተሽሏታል ብሎ ጻፈ። ነጠላዬን ጨምድጄ ያዝኩ። መካከል የተቀመጡት ሴት ሐኪም ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ክፍል ውስጥ እንዳለሽ ሆነሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልን አሉኝ። ቆሜ አነበብኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ጠፋ፣ ሳል ብቻ ቀረ። ሴትዮዋ ይበቃል አሉ፣ ራሳቸው ውሃ ቀዱልኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ውጤት፦ ማስተማር አትችልም። ድምፅ የማይጠይቅ ሌላ ሥራ ግን መሥራት ትችላለች፤ መ/ቤቷ ወደ ሌላ ሥራ ያዛውራት።

የትኛው መ/ቤቴ? ለቅቄያለሁ እኮ! ሙሉ በሙሉ አልታመምኩምና ጡረታ የለም። ሠራተኛ አይደለሁምና ዝውውር የለም። ስለቅቅ ቦርድ ልከውኝ ቢሆን ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወይም መዝገብ ቤት ተቀምጬ ደመወዜን እበላ ነበር። እንዲህ ቀላል ነበረ!

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ ጋ ሄድን፣ ሰዓዳና እኔ። ወረቀቶቼን መነጽራቸውን እየጠረጉ አዩ። መንገድ አለ አሉ። መልቀቂያው ይሰረዝልኝ፣ ቦርዱ ባለው መሠረት በሌላ ሥራ ልመደብ ብለሽ ለአስተዳደር ፍርድ ቤቱ አቤት በይ። ግን «በገዛ ፈቃዴ» የሚለውን ማን እንዳጻፈሽ በስም ካልጠቀስሽ ማንም አያይልሽም አሉ።

ደምሴን ጠየቅኩት። ያ ዱላ ፈላጊ ዛሬ ሌላ ሰው ሆነ። የክርስትና ልጅ መካከል አለ፣ ሰው ምን ይላል፣ ይቅርብን አለ። እኔ የሚቀርብኝ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ሰኞ ነበር ላስገባ ያሰብኩት። አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ከጌታሁን ቤት አሁን መመለሴ ነው። ከጀርባው አልከሰውም ብዬ ሄድኩ። ሚስቱ ሽሮ አቀረበች፣ አልበላሁም። ብቻችንን ስንሆን ነገርኩት። ድምፄ ስለደከመ ወደኔ ጎንበስ ብሎ ነው የሰማኝ።

 «በፈቃዴ ብለሽ ጻፊ ብዬሻለሁ፤ እውነት ነው። ጣጣ እንዳይመጣብኝ ብዬ ነው» አለ።

«ይህንን ጽፈው ይስጡኝ፣ አበልጄ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አልችልም ማለቱ ነው።

«እንግዲያው እኔ እጽፈዋለሁ። ስምዎንም እጠራለሁ።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። እስከ በሩ ሸኘኝና፣ «ናቲን እንዳትከለክይኝ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ይምጣ፣ አልከለክልም አልኩት። ከልቤ ነው።

ደምሴ ገና አልሰማም። ይቆጣ ይሆናል፣ ያኩርፍ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት አስገባለሁ።