«ጋሻ ደም» የተባሉትን እህቶች ሲያስሱ ስላረፉት የጥናት ክፍል ኃላፊያችን

ደማችሁን ከክንዳችሁ፣ ጊዜያችሁን ከሥራችሁ ቀንሳችሁ ለማታውቋት ሴት ጤና የለገሳችሁ፣ ስለ ራሳችሁ ሳይሆን ስለ እህቶቻችሁ እየተጨነቃችሁ ደጃችንን ያንኳኳችሁ፣ ለዕውቀታችን ምንጭ፣ ለሥራችንም ባለውለታ የሆናችሁ የተከበራችሁ የጥናታችን ተሳታፊዎች ሆይ፤

የማዕከላችን የዘረመል ጥናት ክፍል ኃላፊ የነበሩት፣ እናንተም «እትዬ ቀጠሮ» እያላችሁ የምትጠሯቸው የሥራ ባልደረባችን፣ ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ በመኖሪያ ቤታቸው በድንገተኛ የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማዕከሉ ጥልቅ ሀዘኑን ሲገልጽ፣ ይህ ሀዘን ረግቶ የሚታዘን አለመሆኑን አብሮ ለማስታወቅ ይገደዳል፤ ከምርመራ የቀሩትን እህቶች ለመመለስ የጀመሩት ጥሪ ገና እኩሌታው ላይ ነውና እኛም አርፈን መቀመጥ አቅቶናል።

ነፍስ ኄር ባልደረባችን በናሙና ክፍል ረዳትነት ሥራ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሥቷቸው ኖሯል፦ በግብረ ሥጋ ንክኪ የሚተላለፈውና ብዙዎችን የሚነካው ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ ከአብዛኞቹ ሴቶች ሰውነት በጊዜው ተጠራርጎ ሲወጣ፣ በጥቂቶቹ ላይ ግን ለዓመታት ተደላድሎ ተቀምጦ የማህፀን በር ካንሰርን የሚያስከትለው ስለ ምን ነው?

በአምስተኛው የአገልግሎት ዓመታቸው እህትማማቾችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ የሚያጠናውን ክፍል አቋቋሙ። ከእናትም ከአባትም የምንወርሳቸው አንዳንድ የበሽታ መከላከያ ዘረመሎች፣ የቫይረሱን ቁራጭ አንሥተው ለሰውነት ዘበኞች የሚያሳዩ ጠቋሚዎችን እንደሚሠሩ፣ አንዱ ውርስ ጠላትን አጥርቶ ሲያሳይ ሌላው አድበስብሶ እንደሚያሳልፍ፣ ከአንድ ማህፀን የወጡ እህቶችም በዚህ ሊለያዩ እንደሚችሉ ሳይታክቱ አስረድተዋል። ሽፋኑ በተቀደደው የኮሪደር አግዳሚ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ታናሽ እህቷን «አንቺ የአባባን ደም ወሰድሽ፣ ለእኔ አፍንጫውን ተውሽልኝ» ብላ ተራ ጠባቂውን ሁሉ ያሳቀችው በዚያው ሰሞን ነበር።

በዐሥራ ሁለተኛው የአገልግሎት ዓመታቸው የጥናቱ ውጤት ወጥቶ፣ ለማወቅ የፈለጉ ተሳታፊዎች ውርሳቸው ሥጋቱን ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚያደርግ ተነገራቸው። ወዲያውም በዚያው አግዳሚ ላይ፣ ከባለሙያ አፍ ያልወጣ፣ ከሴቶቹ ጨዋታ የተወለደ ስም ተሰማ፤ ዕድለኞቹ «ጋሻ ደም»፣ የቀሩት «ስስ ደም» ተባሉ። ቀልዱ ከአግዳሚው ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ገበያ ሲዛመት «ስስ» የተባሉት የማህፀን በር ምርመራ ቀጠሯቸውን አክብረው ሲመጡ፣ «ጋሻ» የተባሉት አንድ በአንድ ቀሩ።

ካቻምና፣ በራሷ ፈቃድ ታሪኳን የምንጠቅሰው የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት፣ የእህቷን ቦርሳ ለመያዝ ብቻ አብራ መጣች። ነፍስ ኄር «ቦርሳውን ለእኔ ስጪኝና አንቺም ግቢ» አሏት። «እትዬ፣ እኔ እኮ ጋሻ ነኝ።» «ጋሻም ይበሳል፤ ግቢ ብያለሁ።» በምርመራው ገና ካንሰር ያልሆነ የሕዋስ ለውጥ ተገኘባት፤ በጊዜው ታክማ ዛሬ በደኅና ትሠራለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባልደረባችን ቁጭ ብለው ሲበሉ ያየ የለም። ስልኩን በትከሻቸው ደግፈው፣ እንጀራ ፍለጋ ሰፈር የለወጡትን በጎረቤት እያፈላለጉ፣ «መልካም ውርስ አደጋውን ያቀልላል እንጂ ዋስ አይሆንም» የሚለውን ቃል ለእያንዳንዷ ደግመው ደጋግመው ተናገሩ። እንዲያርፉ የመከሯቸውን ዳይሬክተራችንን «እነሱ ይምጡና አርፋለሁ» ብለው መልሰዋቸዋል። እነሆ፣ ሁሉም ሳይመጡ አረፉ።

እራታቸውን ደጋግመው እያሞቁ ለጠበቋቸው ለባለቤታቸው ለሰዓት ጠጋኙ፣ እናታቸውን ከሥራችን ጋር ተሻምተው ላደጉት ልጆቻቸው፣ እንደ ልጅ ላሳደጓቸው ታላቅ እህታቸውና ድምፃቸውን ከኮሪደሩ ላጡት ባልደረቦቻቸው ሁሉ ማዕከሉ መጽናናትን ይመኛል።

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ጋሻ ደም» ተብላችሁ ከዚያ ወዲህ ለማህፀን በር ምርመራ ያልተመለሳችሁ ሁሉ፣ በመጪው ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ምድር ቤት ወደሚገኘው የምርመራ ክፍል መጥታችሁ ተመርመሩ።