ሞልቶ ሲመጣ ብቻ ስለሚለካው ባሕር

ለተከበራችሁ የባሕር ውኃ ጥራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነትን፣ ይልቁንም እስከ ዛሬ እንዳልረጠበ ሁሉ ወደፊትም የማይረጥብ እግርን እመኝላችኋለሁ።

እኔ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት በወሽመጡ ዳር፣ ሥጋው የሚበላ ዛጎል ለገበያ ከምናረባ ሴቶች አንዷ ነኝ። ያለ አስተማሪ ማንበብ ስለ ተማርኩ፣ «የውኃው አሲድነት ለዛጎል አያሰጋም» የሚለውን ባለማኅተም ወረቀታችሁን በየዓመቱ ለጎረቤቶቼ የማነበው እኔ ነበርኩ። ማኅተሙ የእናንተ፣ ድምፁ የእኔ። ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ጀልባችሁ ጭቃ ላይ እንዳይቀር ስለምትሳሱለት፣ ለመለካት የምትመጡት ምንጊዜም ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ወሽመጡን የሚሞላው ከሰፊው ባሕር የመጣ ደህና ውኃ ነው። እሱ በየዕለቱ ሲሸሽ ለጋ ዛጎሎቻችን የሚቀሩት ወንዙ ከረግረጉ ባወረደው፣ ቅርፊታቸውን በሚበላ አሲዳም ውኃ ውስጥ ነው። እናንተ እንግዳውን ለክታችሁ ስለ ባለቤቱ መሰከራችሁ።

ሁለተኛ፣ ይህን ያስተማረኝ ራሳችሁ ያደላችሁን ትንሽ መጽሐፍ ነው። በወንዝ አፍ ያለ ውኃ ከሰፊው ባሕር እንደሚለይ፣ ከሰዓት ሰዓትም እንደሚለዋወጥ ግሩም አድርጋችሁ ጽፋችኋል። እኔ ዘግይቼ አነበብኩት። እናንተም ጊዜ ስታገኙ ብታነቡት አይጎዳችሁም።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ ለጋዎቹ ዛጎሎች በጣት ሲነኳቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራሉ ቢል፣ ወረቀታችሁን አውጥቼ በሰው ፊት አሳፈርኩት። እስኪሞት ድረስ ነገሩን ዳግም አላነሣብኝም። ዘንድሮ ደግሞ እህቱ ልዝራ አልዝራ ስትል ቆይታ፣ «አንቺ ካነበብሽው ምን እጠራጠራለሁ» ብላ ያላትን ለጋ ዛጎል ሁሉ በመረብ አድርጋ ውኃው ውስጥ ዘራች። መረቧን ስታነሣ የወጣው ነጭ ድቃቂ ነው። ብትሰድበኝ በቀለለኝ።

ጎረቤቶቼ በሚመጣው ወር እንደገና ሊዘሩ ነው። ከዚያ በፊት፣ ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ አንድ ጊዜ መጥታችሁ እንድትለኩ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እስከዚያው ይህን ደብዳቤ ወረቀታችሁ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ለጥፌ፣ ማንበብ ለማይችሉት አነብላቸዋለሁ።

ለብዙ ዓመታት ያለ ደመወዝ አፍ የሆነችላችሁ፣
የወሽመጡ ዳር አንባቢ

ማስታወሻ፦ ጭቃው እንዳያሳስባችሁ፣ የባለቤቴ ቦት ጫማ ከደጄ ተቀምጧል። ምናልባት ይሰፋችሁ ይሆናል።